ስለ አንድ የናስ ሽጉጥ

በግቢያችን ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስብ አለ። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛዬማ የሲኒማ ትኬት ቁራጭ ይሰበስባል፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሱም አያውቀው። እኔ እስካለፈው ክረምት ድረስ ምንም ሰብስቤ የማላውቅ ሰው ነበርሁ። ዛሬም ሰብሳቢ ነኝ ለማለት አልደፍርም። ያጠናሁት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔ አይደለም። ነገር ግን ይህ አንድ ዕቃ ከአጎቴ ጋር አቀያይሞኛል፤ ሦስት ወር ሙሉም ከመጻሕፍትና ከጨረታ ካታሎግ ላይ ዓይኔን እንዳላነሣ አድርጎኛል። ስለዚህ ነገሩን ለእናንተ ባጫውት አይከፋም ብዬ ተነሣሁ።

ዕቃው የምልክት ሽጉጥ ነው። ሰው ለመግደል የተሠራ አይደለም፤ ጥይቱ እርሳስ ሳይሆን ርችት ነው። ወደ ሰማይ ሲተኩሱት ቀይ ወይም አረንጓዴ ወይም ነጭ ኮከብ ይተፋል። ሌሊት በባሕር ላይ ያለ መርከብ ለሌላው መርከብ «እዚህ ነኝ»፣ «ድረሱልኝ»፣ «አትቅረቡ» የሚልበት አፉ ነው ብትሉት አትሳሳቱም።

የእኛ ቤት ሽጉጥ አዳማ በሚገኘው በአያቶቼ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ባለ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ የኖረ ነው። አባባ (የእናቴን አባት እንዲህ ነው የምንጠራቸው) በወጣትነታቸው የንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ምጽዋ ሆነው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ በምልክት ሠራተኛነት አገልግለዋል። ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሽጉጡ ጋር አንዲት ወረቀት ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ አባባ በሕይወት ሳሉ ዕቃውን ያስመዘገቡባት ናት። የዕቃው ዓይነት በሚለው መስመር ላይ ጸሐፊው «አንድ አሮጌ የናስ ሽጉጥ፣ የማይተኩስ» ብሎ ጽፏል። በጽሑፍ ያለን ማስረጃ ይኸው ነበር።

የቀረው በአፍ የሚነገረው ነው። ሽጉጡ ከ«ኢትዮጵያ» መርከብ የወጣ ነው፤ አባባ በአንድ የማዕበል ሌሊት በዚሁ ሽጉጥ ቀይ ርችት ተኩሰው፣ በመስጠም ላይ ለነበረ ጀልባ ረዳት አስጠርተዋል፤ ይባላል። ይህ ታሪክ በበዓል ቀን ከሁለተኛው ቡና በኋላ ሳይነገር ቀርቶ አያውቅም። እኔ ሕፃን ሳለሁ የዳኑት ሰዎች ሰባት ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ዐሥራ ሁለት ሆኑ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሃያ ሞልተዋል። አባባ ራሳቸው ሲያወሩት ግን ሰምቼ አላውቅም። ወሬው ሲጀመር ፈገግ ይሉና ጓሯቸውን ሊያዩ ይወጡ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሰኔ አጎቴ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሰብሳቢ ተዋወቀ። ሰውየው የመርከብ ዕቃ ይሰበስባል። ሽጉጡን በፎቶግራፍ አይቶ፣ «ከዚያች መርከብ የወጣ መሆኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠልኝ ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ» አለው። አጎቴ ወዲያው ስልክ ደወለልኝ።

«አንተ የታሪክ ተማሪ አይደለህም እንዴ? ሁለት ገጽ ማረጋገጫ ጻፍልን። አያትህ ያገለገሉበት ሽጉጥ መሆኑን፣ ከመርከቧ መውጣቱን… አንተ ታውቅበታለህ።»

አጎቴን ስግብግብ አድርጋችሁ እንዳታስቡብኝ። ገንዘቡን የፈለገው ለእማማ ቤት ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው ከመበስበሱ የተነሣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እማማ ሦስት ባልዲ ደርድረው ነው የሚያድሩት። እኔም እውነቱን ለመናገር፣ በደስታ እሺ አልሁ። ማረጋገጫውን ለማሳመር ብቻ ነበር ምርመራ የጀመርሁት።

ከመርከቧ ተነሣሁ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተቋቋመ፤ መደቡም ምጽዋ ነበር። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ከአሜሪካ የመጣች ናት፤ የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድትረዳ ታስባ ተሠርታ፣ በ1942 ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1944 አገልግሎት ጀመረች። በ1962 ለኢትዮጵያ ተላለፈች፤ ከዚያ ወዲያ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የሠልጣኞች መለማመጃ ሆና ኖረች። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከእንዲህ ያለች መርከብ አንዲት ብሎን እንኳ ብትገኝ የሚሻማባት አይጠፋም። የሰውየው ዋጋ ለምን ከፍ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀጥሎ ወደ ሽጉጡ ዞርሁ። የምልክት ሽጉጥ ታሪክ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ቬሪ የተባለ መኮንን ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከርሱ በፊት መጠራት የሚገባት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

ማርታ ኮስተን ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። ባሏ በዋሽንግተን በባሕር ኃይሉ ሥራ ቤት ፈልሳፊ ነበረ፤ በ1848 ሲሞት እርሷ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች፤ ማለት በእኛ ዕድሜ። ልጆች አሏት፤ ገንዘብ የላትም። የባሏን ወረቀቶች ስታገላብጥ ለመርከቦች የሌሊት ምልክት የሚሆን የርችት ውጥን አገኘች። ውጥኑ በወረቀት ላይ ያምራል፤ እሳት ሲነካው ግን አልሠራ አለ። ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ ከርችት ሠሪዎች ጋር ደከመች። ነጩና ቀዩ ተገኙ፤ ሦስተኛው ቀለም አስቸገረ። እርሷ የፈለገችው ሰማያዊ ነበር። በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ኒውዮርክ ላይ በርችት ሲከበር አይታ፣ ለከተማው ርችት ሠሪዎች ጻፈች፤ በመጨረሻም በሰማያዊው ፈንታ አረንጓዴ ተገኘ።

የፈጠራ መብቱ በ1859 ተሰጠ። ፈልሳፊ ተብሎ የተጻፈው ግን ዐሥራ አንድ ዓመት በመቃብር የቆየው ባሏ ነው፤ እርሷ የንብረቱ አስተዳዳሪ ተብላ ተመዘገበች። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ የአሜሪካ መንግሥት መብቱን በ20,000 ዶላር ገዛት፤ የጠየቀችው 40,000 ነበር። በራሷ ስም የፈጠራ መብት ያገኘችው በ1871 ነው። እኔም እንግዲህ ይህን ባነበብሁበት ማታ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነት ይናገራል ወይ እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። የራሴ ማረጋገጫ ወረቀት በዚያን ጊዜ ግማሽ ገጽ ደርሶ ነበር።

የኮስተን ርችት በእጅ ተይዞ የሚነድድ ነበር፤ ስለዚህ የሚታየው የያዘው ሰው የቆመበትን ከፍታ ያህል ነው። ሌተናንት ኤድዋርድ ዊልሰን ቬሪ (1847–1910) የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ መላ አመጣ፤ ኮከቡን በሽጉጥ ወደ ላይ መወርወር። ቀይና አረንጓዴ ኮከቦች በልዩ ልዩ ቅደም ተከተል ሲተኮሱ ቁጥር ይሆናሉ፤ ቁጥሩን ከምልክት መጽሐፍ ላይ ሲያዩት ትርጉም ይሰጣል። ሐሳቡ ዓለምን ዞረ፤ እንግሊዞችም ሽጉጡን በሰውየው ስም ጠሩት፤ ነገር ግን ሲጽፉት ብዙ ጊዜ በስሙ ላይ አንዲት ፊደል ይጨምራሉ። ሰብሳቢዎች ስለዚህች ፊደል ሲከራከሩ ይውላሉ። በእኛ ፊደል ሁለቱም ቬሪ ስለሆነ ጭቅጭቁ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ሥራው ቀላል ነው። አፈሙዙ በማጠፊያ ላይ ወደ ታች ይሰበራል፤ አንድ ጥይት ይገባል፤ ይዘጋል፤ ቃታው ይሳባል። በቀለሁ ሥር ያለው ባሩድ ኮከቡን እየለኮሰ ያስፈነጥረዋል። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው የስትሮንሺየም ጨው ነው፤ አረንጓዴውን የባሪየም፤ ነጩ ከማግኒዚየም ወይም ከአሉሚኒየም ይወጣል። ከሁሉ የወደድሁት ግን የጥይቱን ጠርዝ ነገር ነው። ሌሊት፣ በማዕበል መካከል፣ መብራት በሌለበት፣ ሰው ቀዩን ከአረንጓዴው እንዴት ይለያል? በእጁ ዳብሶ ነው። ብዙዎቹ ጥይቶች ጠርዛቸው ተለይቶ የተሠራ ነበር፤ አንዱ ዙሪያውን የሻከረ፣ አንዱ እስከ ግማሹ ብቻ የሻከረ፣ አንዱ ልስልስ። አባባ ሳንቲም ሲቀበሉ ሳያዩት ጠርዙን በአውራ ጣታቸው የማሸት ልማድ ነበራቸው። ከሥራቸው ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ ያነበብሁ ዕለት ግን ትዝ አሉኝ።

ኮከብ ማየት ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ የሚያየው ሰው ትርጉሙን ማወቅ አለበት። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የተኮሰቻቸውን ነጫጭ ሮኬቶች ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ ላይ የነበሩ ሰዎች አይተዋል። አይተው ተወያዩበት፤ መርከባቸው ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

እንግዲህ ወደ መለየቱ ሥራ ልምጣ። ከእናንተም መካከል ከአያቱ ሣጥን እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያገኝ ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አትወልውሉት። የእኛን ቤት ሽጉጥ አክስቶቼ በየፋሲካው በሎሚና በአመድ እያሹ እንደ ወርቅ አብረቅርቀውት ኖረዋል። ዐይን ያስደስታል፤ ግን ፊደሉን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ በልተውታል። ናስ በዕድሜ የሚያወጣው ቡናማ መልክ ለሰብሳቢ እንደ ሰው መታወቂያ ነው። የእኛው በሎሚ ታጥቦ ፊቱ ስለጠፋ፣ ምልክቶቹን በዐይን ማንበብ አልተቻለኝም። ስስ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ አሸሁት፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ፊደል ነጭ ሆኖ ወጣ። ሽጉጡን ራሱን ወደ ግቢ ይዤ ልመጣና ለጓደኞቼ ላሳይ አስቤ ነበር፤ በበሩ ላይ ያለውን ፍተሻና በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አዋጅ ሳስታውስ ሐሳቤን ተውሁ። ወረቀቶቹን ብቻ ይዤ መጣሁ።

ሁለተኛው ነገር ናስ ሁሉ የባሕር አይደለም። አዲስ ሰብሳቢን ከሚያሳስቱ ነገሮች ይህን የሚያህል የለም፤ እኔንም አሳስቶኛል። ናስ ጨው አይበላውም፤ ስለዚህ ለመርከብ ይመቻል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምልክት ሽጉጥ በምሽግ ውስጥ ላለው እግረኛና በአውሮፕላን ላይ ላለውም ተሠርቷል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ናስ ናቸው። አሜሪካኖች ረሚንግተን ዘንድ ያሠሩት ማርክ 3 የሚባለው ናስ ነው፤ የታወቀው ግን በምድር ጦር ነው። በሌላ በኩል ጀርመኖች ለባሕር ኃይላቸው ዋልተር ዘንድ ያሠሩት ባለ ሁለት አፈሙዝ ሽጉጥ አለ፤ እርሱ ናስ አይደለም።

ሦስተኛው የአፈሙዙ ስፋት ነው። ከኢንጂነሪንግ ተማሪ ጓደኛዬ ካሊፐር ተውሼ ለካሁ። የእንግሊዝ ተራው ሽጉጥ አንድ ኢንች፣ ትልቁ አንድ ኢንች ተኩል ነው። የጀርመኑ ከእንግሊዙ ትንሹ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ በተማሪ ማስመሪያ አይለይም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን ለረጅም ጊዜ የሠራበት 10 ጌጅ የሚባለው ነው፤ ወደ 20 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ። በሁለተኛው ጦርነት ለአውሮፕላን የተሠራው የአሜሪካ ሽጉጥ ደግሞ 37 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአውሮፕላኑ ግድግዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ገብቶ እንዲቆለፍ አፉ ላይ ጥርስ አለው። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሽጉጥ «ከመርከብ የወጣ» ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ፣ ሻጩን ሰላም ብላችሁ እለፉ።

የመጨረሻውና ዋናው የታተመው ምልክት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ማጭበርበር አለ። የሚሸጥ ነገር ላይ መልሕቅ ከታየ ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ መልሕቅ የሚቀርጽ አታላይ ሞልቷል። የአሮጌ ምልክት ጠርዙ ከዕቃው ጋር አብሮ ያረጃል። ዙሪያው አርጅቶ መልሕቁ ብቻ ስለታም ሆኖ ከታየ፣ መልሕቁ ትናንት የመጣ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት በሆነ ዕቃ ላይ የቀስት ጫፍ ይታተማል፤ የዶሮ እግር የሚመስል ነው። የባሕር ኃይላቸው ንብረት በሆነ ብዙ መሣሪያ ላይ ደግሞ የላቲን «ኤን» ትጨመራለች።

አሁን የእኛውን ልንገራችሁ። ይህ መጽሔት ሥዕል አጥርቶ አያወጣምና በቃል ልግለጸው። አካሉ ናስ ነው፤ እጀታው ላይ ሁለት የእንጨት ልባስ አለ፤ ከሥሩ የገመድ ማንጠልጠያ ቀለበት አለው። አፉ አንድ ኢንች ያህል ነው። በግራ ጎኑ ላይ «ዌብሊና ስኮት፣ ለንደንና በርሚንግሃም» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ይህ ድርጅት በ1897 ሦስት ጠመንጃ ሠሪዎች ተዋሕደው የመሠረቱት ነው። ከርሱ በታች 1918 የሚል ዓመት አለ፤ አጠገቡ የቀስት ጫፍ። «ኤን» የለችም። ብፈልግ፣ ወረቀት ብቀይር፣ እርሳስ ብቀይር የለችም።

በሌላው ጎን ግን አንድ ኮከብ መሳይ ነገር ወጣ። አጎቴ ሳሳየው ተደሰተ፤ «ይኸው! የባሕር ኃይላችን ኮከብ!» አለ። እኔም ሁለት ቀን አብሬው አምኜ ነበር። በኋላ በአንድ መጽሐፍ ላይ ያንኑ ምልክት አገኘሁት። ኮከብ አይደለም፤ ሁለት የቀስት ጫፎች አፍ ለአፍ ገጥመው ነው። ትርጉሙም «ይህ ዕቃ ከእንግሊዝ መንግሥት ንብረትነት ወጥቶ ተሽጧል» ማለት ነው።

ስለዚህ በእጃችን ያለው በ1918 በእንግሊዝ አገር የተሠራ፣ መንግሥቱ አገልግሎቱን ጨርሶ የሸጠው፣ የባሕር ኃይል ምልክት የሌለው ሽጉጥ ነው። መርከቧ ደግሞ የአሜሪካ ሥራ ናት። ይህን ለአጎቴ ስነግረው አልተረታም። «የባሕር ኃይሉን ካሠለጠኑት መካከል ጡረታ የወጡ እንግሊዞች አልነበሩም ወይ? እነርሱ አምጥተውት ይሆናላ!» አለኝ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ኖርዌዮችም እንግሊዞችም አሠልጥነዋል፤ አንድ የእንግሊዝ ሽጉጥ ወደ አሜሪካ መርከብ ሊገባ አይችልም የሚል ሕግ የለም። ነገር ግን «ሊሆን ይችላል» እና «ተረጋግጧል» ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሰውየው የሚከፍለው ደግሞ ለሁለተኛው ነው። ያን ሳምንት ግማሽ ገጹን ማረጋገጫ እያነበብሁ እሰርዛለሁ፤ ባልዲዎቹን እያሰብሁ ደግሞ መልሼ እጽፋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጎድለኝ። ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ማንም አይጎዳም ነበር፤ ጣሪያውም ይከደናል።

ቅዳሜ ወደ አዳማ ሄድሁ። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። አንድ ነገር ያን ጊዜ ገረመኝ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት የእማማን ታሪክ የሰማ የለም። የሽጉጡን ወሬ የሚያወሩት ሁልጊዜ ወንዶቹ ነበሩ፤ እማማ ቡና ይቀዳሉ።

«እማማ፣ አባባ ይህን ሽጉጥ ከመርከብ አመጣሁት ብለው ያውቃሉ?»

«ከመርከብ መጣ ያለህ ማነው?»

«ሁሉም ይላል። አጎቴም ይላል።»

«እሱ ደግሞ ያኔ መቼ ተወለደና!» ብለው ሣቁ። ሲኒውን ሰጡኝና ቀጠሉ። «አሥመራ ነው የገዛው። ገና ተጋብተን በዓመታችን ነው። መደበር በርሜል ሊያስቆርጥ ሄዶ ከቀጥቃጮቹ አንዱ ዘንድ አየው። ሰውየው ሊያቀልጠው ነበር አሉ። ሦስት ብር ሰጥቶ ይዞት መጣ። በሦስት ብር ያን ጊዜ ስንት ነገር ይገዛ ነበር! ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።»

የአሥመራው መደበር አሮጌ ብረት እየተቀጠቀጠ አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ገበያ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ከ1941 እስከ 1952 ኤርትራን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ሁለቱ ቀስቶች አፍ ለአፍ ገጥመው ትዝ አሉኝ።

«ለምን ገዙት ታዲያ?»

«የሥራ ዕቃዬን ይመስላል አለኝ። ይመስላል እንጂ እሱ አይደለም፤ የእኛው አፉ ጠበብ ያለ ነው፣ ይል ነበር። እየከፈተ በውስጡ ሰማይ ያይበት ነበር።»

አፉ ጠበብ ያለ! 20 ሚሊሜትር! እኔ ካሊፐር ተውሼ ሦስት ወር የደከምሁበትን ነገር እማማ በአቦልና በቶና መካከል ነገሩኝ።

«ጀልባውስ ታዲያ? እርሱም ውሸት ነው?»

እማማ ወዲያው አልመለሱልኝም። ከሰሉን ቆስቆስ አደረጉ።

«ጀልባውማ እውነት ነው። ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ አራት ነበሩ። አንዱ ሞቶ ነው የተገኘ፤ ልጅ ነው አሉ። አባትህ… አያትህ ምልክቱን ቶሎ አልተኮስሁም ብሎ ኖረ። ለዚያ ነው ሲወራ ብድግ ብሎ የሚወጣ።»

ከዚያ በኋላ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ሌላ ነገር አላወራንም።

ሁለት ገጹን ጻፍሁ። ከላይ ያነበባችሁትን ያህል ነው፤ ቀለሙ ግን የመዝገብ ነው። ስለ ጀልባው አንድ ቃል አላገባሁም፤ እርሱ የሽጉጡ ታሪክ አይደለም። ሰውየው አንብቦ በጨዋነት አመሰገነ፤ ከጠራው ዋጋ አንድ አምስተኛውን አቀረበ። እማማ «በዚህስ አልሸጥም፤ ይቀመጥልኝ» አሉ። አጎቴ «እማማ አርጅተዋል፤ ይረሳሉ፤ አንተ ደግሞ ትምህርት አበላሽቶሃል» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። እስከ ዛሬ አልደወለልኝም። የቤተ ሰቡ መዋጮ ለግማሽ ጣሪያ ደርሶ፣ ከሦስቱ ባልዲዎች አንዱ ተነሥቷል።

ጥሩ ሰብሳቢ ዕቃው ላይ መግለጫ ያስራል። እኔም በካርቶን ቁራጭ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የናስ የምልክት ሽጉጥ። ዌብሊና ስኮት፣ እንግሊዝ፣ 1918። አፈሙዙ አንድ ኢንች። ከመንግሥት ንብረትነት ወጥቶ የተሸጠ። በአሥመራ፣ መደበር ገበያ የተገዛ።» በክር አሥሬ በነጠላው ከመጠቅለሌ በፊት ለእማማ አነበብሁላቸው። ጥቂት አሰቡና፣

«ዋጋውንም ጻፍበት» አሉኝ።

ጻፍሁበት፤ 3 ብር።